ወደ ደንቆሮ ጫካ እንዴት ይኬዳል?

ጫማዬ ጭቃ ይዞ ደሴ መናኸሪያ በወረድኩ ቁጥር የሚጠብቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከደንቆሮ ጫካ ነው የመጣኸው? እንዴት ነው የሚኬደው? በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል?» የመጨረሻውን አሁኑኑ ልመልሰው፤ አይቻልም። ቀሪውን ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ማስረዳት ስለሰለቸኝ ከነምክንያቱ እዚህ አሰፈርኩት።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ደንቆሮ ጫካ ማለት ደቡብ ወሎ ውስጥ ያለው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ዋና ደን ነው። «ቦረና ብሔራዊ ፓርክ» ብላችሁ ካርታ ላይ ከፈለጋችሁ ግን ስልካችሁ ያቤሎ አጠገብ ወዳለው ወደ ሌላው ቦረና ሊመራችሁ ይችላል። ስለዚህ የምትፈልጉት ከተማ መካነ ሰላም መሆኑን ያዙ፤ ጫካው ከዚያ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

ቦታው ከ1,900 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል። ከታች ወይራና ኮሶ ያለበት ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ፤ ከዚያ ከፍ ሲባል አስታ የሚባለው ጥቃቅን ቅጠል ያለው ዛፍ ይመጣል፤ ከሁሉ በላይ የጓሳ ሣርና ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ያለበት ገላጣ ደጋ ነው። አንዱ ከሌላው በሙቀትም፣ በእርጥበትም፣ በሚኖርበት እንስሳም ይለያል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ የተሰናዳው ለአንድ ነገር ነው፦ ጎሕ ሲቀድ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ደረቅ ልብስ ለብሳችሁ የጫካው ጫፍ ላይ እንድትቆሙ። ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ የሚደርስ ሰው የሚያየው ዛፍ ብቻ ነው። ዛፉም ደስ ይላል፤ ነገር ግን ለዚያ ብቻ ይህን ያህል መንገድ አይኬድም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• መታወቂያ። መንገድ ላይ ፍተሻ ይኖራል፤ የፓርኩ ሠራተኞችም ሊመዘግቡት ይጠይቃሉ።

• ጥሬ ገንዘብ፣ በተለይ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር። ኔትወርክ በሌለበት የባንክ መተግበሪያ ዋጋ የለውም፤ ገጠር ውስጥ ዝርዝር የሚሰጣችሁም አታገኙም።

• ውሃ የማያስገባ የዝናብ ካፖርት፣ ኮፍያ ያለው። ጃንጥላ ተዉት፤ እሾኽ ይቀደዋል፣ ነፋስ ይገለብጠዋል፣ ሲከፈትም እንስሳ ያስደነግጣል።

• የሱፍ ሹራብ ወይም የበግ ፀጉር ባና። ጥጥ ውሃ ከጠጣ ሙቀት መያዙን ያቆማል፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ቢሆን በተወሰነ ደረጃ ያሞቃል። የደጋው ሰው ባናን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

• ጋቢ ለሌሊት ብቻ። ጋቢ ጥጥ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ለብሼው ጫካ ገባሁና ቅጠል ላይ ያደረውን ጠል ሁሉ ጠጣልኝ፤ ከሰዓት በኋላ የተሸከምኩት ጋቢ ሳይሆን ባልዲ ውሃ ነበር።

• ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ቀድሞ የተለመደ። አዲስ ጫማ እዚያ መፈተን እግርን መቅጣት ነው።

• ሦስት ጥንድ ካልሲ። ሁለቱ ለመንገድ ናቸው፤ ሦስተኛው ማታ ብቻ ይለበሳል፣ ቀን አይነካም።

• አምስት ስድስት ወፍራም ፌስታል። ጥቅሙ ቦርሳ ስታሰናዱ ይገባችኋል።

• ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ የቀን ባርኔጣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐይ በብርድ ውስጥም ቆዳ ታቃጥላለች።

• የእጅ ባትሪ። በግንባር የሚታሰር ከተገኘ የተሻለ ነው፤ ሁለቱም እጆች ነጻ ይሆናሉ።

• የሩቅ ማያ መነጽር። ከስልክ ካሜራ ይልቅ ይህ ይጠቅማችኋል፤ ለሦስት ሰው አንድ ይበቃል።

• ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 2 ሊትር፣ ከነውሃ ማከሚያው። ከላይ ከብት ስለሚሰማራ የወንዙ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም እንዳለ አይጠጣም።

• ስንቅ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥቂት ስኳር። የማይበሰል፣ የማይፈስ፣ እየሄዱ የሚቆረጠም መሆን አለበት።

• ፕላስተር፣ ፋሻ፣ ኦ አር ኤስ፣ የራስ ምታት መድኃኒት፣ ሳሙና፣ እንዲሁም በሐኪም የታዘዘላችሁ ካለ።

• ፓወር ባንክ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ስልኩን ከነፓወር ባንኩ ደረታችሁ አጠገብ ባለ ኪስ ያዙት።

አካሄዱ

1. ወሩን ምረጡ።

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። በጥቅምት ጫካው ገና አረንጓዴ ነው፤ አበባውም አላለቀም፤ ጭቃው ግን አልደረቀም። በኅዳርና በታኅሣሥ መንገዱ ይጠነክራል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ በዚያው ልክ ሌሊት ላይ ውርጭ ይወርዳል። እኔ የምመርጠው ኅዳርን ነው፤ ብርድን ልብስ ይመክተዋል፣ ጭቃን የሚመክት አላገኘሁም።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ሊኖር ይችላል፤ ከሄዳችሁ አንድ ትርፍ ቀን ያዙ። ሐምሌና ነሐሴን እርሷቸው። ጉሙ ቀኑን ሙሉ ሳይገለጥ ይውላል፤ ተዳፋቱም ያንሸራትታል።

2. ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱን ጠይቁ።

ከሁለት ቀን በፊትና በመነሻው ዋዜማ፣ ሁለት ጊዜ። የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ የጸጥታው ሁኔታና የመንገዱ ሁኔታ። ካለፈው ወር ጉዞ ተመልሶ «ሰላም ነው» ያላችሁ ሰው መረጃው አርጅቷል። በዚያ መስመር በየቀኑ የሚመላለስ ሹፌር ከማንም በላይ ያውቃል፤ መናኸሪያ ሄዳችሁ ሁለት ሹፌሮችን ለየብቻ ጠይቁ። መልሳቸው ካልተስማማ ወይም አንዱ ካመነታ ጉዞውን አራዝሙት። ጫካው የትም አይሄድም።

3. ሦስት ሌሊት መድቡ፣ ከደሴም ማልዳችሁ ተነሡ።

ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም ለመድረስ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቁጥሩ አያታልላችሁ፤ መንገዱ በደጋ ላይ የሚጠማዘዝ ስለሆነ ጉዞው ከቀኑ አብዛኛውን ይወስዳል። በመጀመሪያው መኪና ከሄዳችሁ ከሰዓት በኋላ ትገባላችሁ፤ ያ ከሰዓት ደግሞ ለቀጣዩ እርምጃ የግድ ያስፈልጋችኋል። አርፍዳችሁ ተነሥታችሁ ማታ ከገባችሁ በማግስቱ ጠዋት የምታጠፉት ሰዓት ጫካው ሕያው የሚሆንበትን ሰዓት ነው።

ሹራባችሁን ጣሪያ ላይ በሚጫነው ቦርሳ አትክተቱ። ጉጉፍቱ ላይ መኪናው ቆም ባለ ጊዜ በሸሚዝ የወረደ ሰው ምክሬን ያስታውሳል።

ከቆላ ወይም ከባሕር ጠለል ብዙም ካልራቀ ቦታ የምትመጡ ከሆነ አንድ ሌሊት ደሴ እደሩ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሰውነት ስስ አየሩን እየለመደ ይጠብቃል። በቀጥታ መጥቶ በማግስቱ 3,500 ሜትር ላይ የሚወጣ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል፤ ጎረምሳ መሆን ከዚህ አያድንም።

4. መካነ ሰላም ስትገቡ ከማረፋችሁ በፊት አራት ነገር ጨርሱ።

ሀ. የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁና ተመዝገቡ፤ የመግቢያውን ክፍያ ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ይህ ወግ ለማድረስ አይደለም፤ ሰው ሳይመለስ ቢመሽ የሚፈልገው አካል ማን እንደገባ ማወቅ አለበት። ከሥራ ሰዓት ውጭና በሰንበት ሰው ላይገኝ ስለሚችል ጉዞውን ስታቅዱ ዓርብ ማታ መድረስን አስወግዱ።

ለ. አስጎብኚ ወይም የፓርኩን ጥበቃ ሠራተኛ ያዙ። ጉሬዛዎቹ ትናንት ማታ የት ዛፍ ላይ እንዳደሩ የሚያውቅ እሱ ነው፤ እናንተ ያለ እሱ ግማሽ ቀን ትፈልጋላችሁ። ክፍያውን፣ የሰዓቱን ርዝመትና ስንቁን ማን እንደሚይዝ ዛሬ ማታ ተስማሙ። ዋጋ ጫካ ውስጥ ሲነሣ ለሁለቱም ወገን ያሳፍራል።

ሐ. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል የሚነሣ መኪና ወይም ባጃጅ በስም ተነጋገሩ፤ ስልኩንም ያዙ። «ጠዋት አይጠፋም» የሚል መልስ አትቀበሉ። ይጠፋል።

መ. ስንቃችሁን ግዙ፤ በዚያ ሰዓት የሚከፈት ሱቅ የለም።

ያንን ስትጨርሱ ቡና የሚጠራችሁ ሰው ካለ ሂዱ። ወሎ ነውና አቦል ጠጥቶ መነሣት አያምርም፤ በረካው እስኪደርስ ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ ስለ ጫካው የሚነገረው ወሬ ከየትኛውም ካርታ ይበልጣል። ጠዋት የመጣን የቡና ግብዣ ግን በትሕትና ለመመለሻ አቆዩት፤ ሦስት ዙር ቡና ጠዋታችሁን ይበላዋል።

5. ቦርሳችሁን ማታውኑ አሰናዱ።

የሚለወጥ ልብስ በአንድ ፌስታል፣ የሌሊቱ ካልሲ በሌላ፣ ስንቅ በሌላ፣ መድኃኒትና ስልክ በሌላ አድርጋችሁ አፉን ቋጥሩ። በዚህ ጫካ ከላይ ዝናብ ባይኖርም ከጉሙ የሚንጠባጠብ ውሃ አለ። ጉሙ በአስታው ጥቃቅን ቅጠልና በላዩ በተንጠለጠለው ሽበት መሳይ ነገር ላይ ያርፍና ጠብ ጠብ ይላል፤ ሰማዩ ሳይዘንብ ዛፉ ያዘንባል ማለት ነው። ቦርሳው ራሱ «ውሃ አያስገባም» ቢባል እንኳን በስፌቱ በኩል ይገባል።

ካፖርቱን፣ ባትሪውንና ቆሎውን ከላይ አድርጉ። በጨለማ ቦርሳ የሚበረብር ሰው ባልደረቦቹን ያስቆማል።

6. የመጀመሪያውን ጠዋት ለደኑ ስጡ።

ደኑ ዝቅ ያለ፣ ገላጣው ደጋ ከፍ ያለ ስለሆነ መጀመሪያ ዝቅተኛውን ማየት ሳንባችሁን ያለማምዳል። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀንስ ብርዱንም ደረጃ በደረጃ ታገኙታላችሁ።

ጫፉ ላይ ስትደርሱ ወዲያው አትግቡ። ባትሪ አጥፉና ለአሥር ደቂቃ ቁሙ። ጎሕ ሲቀድ አውራው ጉሬዛ ያጓራል፤ ድምፁ ከሸለቆ ወዲያ ማዶ ይሰማል፤ ሌላው መንጋም ይመልስለታል። በዚያ ድምፅ አቅጣጫ ነው የምትሄዱት። ቀድማችሁ ከገባችሁ የራሳችሁ እግር ኮሽታ ያንን ምልክት ያሳጣችኋል።

ከዚያ በአንድ መስመር፣ አስጎብኚው ከፊት ሆኖ ተጓዙ። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ሰፋ ያለ ስፍራ ይረግጣሉ፣ ያወራሉም። ሃያ እርምጃ ሄዳችሁ ቁሙ፣ ወደ ላይ ተመልከቱ፣ እንደገና ሂዱ። የጉሬዛ ጥቁር ገላ ጥላ ውስጥ አይለይም፤ መጀመሪያ የምታዩት ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘውን ነጭ ጅራትና በጀርባው ላይ ያለውን ነጭ ካባ ነው። በእናቱ ደረት ላይ ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ነገር ካያችሁ አዲስ የተወለደ ግልገል ነው፤ በዚያ ጊዜ አትጠጉ፣ እናቲቱ ትሸሻለች።

ጉሬዛ ቅጠል በሊታ ነው። ቅጠል ለመፈጨት ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ እኩለ ቀን ላይ ተጋድሞ ሆዱን ሲያሠራ ይውላል፤ ጠዋት ግን ለመሞቅ ዛፉ አናት ላይ ይወጣል። ማልዳችሁ ኑ የምለው በዚህ ነው። እንደዚሁ የምኒልክ ድኩላ ለመመገብ ወደ ደኑ ጠርዝ የሚወጣው ጠዋትና ማታ ነው። ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ሴቷ ቀላ ያለች ናት። ውሻ የሚመስል አጭር ጩኸት ከቁጥቋጦ ከሰማችሁ ድኩላው አይቷችኋል፤ ባላችሁበት ድርቅ በሉ። አንዳንዴ ተመልሶ ሊያጣራ ብቅ ይላል።

ዝም ማለት የሚከብዳቸው ጓደኞች ያሏችሁ ይህን ንገሯቸው። አንድ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር ጮክ ብለን እየሳቅን ስንገባ ከጠርዙ እንጨት የሚለቅሙ አባት አስቆሙን። «እንደምን አደሩ አባባ» አልናቸው። መለሱልንና፣ «ልጆቼ፣ ስሙ ደንቆሮ ስለሆነ አይሰማም ብላችሁ ነው?» አሉን። ያን ቀን ከጦጣ በቀር ምንም አላየንም።

ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ምሳ ብሉ፣ አረፍ በሉ። ቀሪው ቀን ዛፍና ወፍ ማያ ነው፤ ኮሶን፣ ወይራንና አጣጥን አስጎብኚው እያሳየ ያስተምራችኋል። ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ውጡ።

7. ሁለተኛውን ጠዋት ለገላጣው ደጋ ስጡ።

እዚህ ያለው ሕግ ከደኑ ይለያል። በደኑ ውስጥ መደበቅ ይቻላል፣ በጓሳው ላይ ግን ሁሉም ያያችኋል። ስለዚህ አትደበቁ፤ በግልጽ፣ በዝግታ፣ ቀጥ ብላችሁ ወደ እንስሳው ሳይሆን አግድም እየሄዳችሁ ቅረቡ። አድብቶ የሚጠጋ ነገር ለእነሱ አዳኝ ነው።

ጭላዳ ገደል ላይ ያድርና ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ስለዚህ የገደሉ አፋፍ አጠገብ፣ ከጠርዙ ግን ራቅ ብላችሁ፣ ተቀምጣችሁ ጠብቁ፤ እነሱ ራሳቸው ወደ እናንተ ይመጣሉ። ሣር በጣቱ እየነቀለ ሲበላ የምታዩት ጭላዳ ተረጋግቷል። ወንዱ የላይኛውን ከንፈር ገልብጦ ድዱን ካሳያችሁ ወይም ቅንድቡን ወደ ላይ ከሳበ ፈገግታ አይደለም፤ ዛቻ ነው። ዓይን ዓይኑን ሳታዩ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ቀይ ቀበሮን ማየት ዕድል ይጠይቃል። በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ነው፣ ያም ሁሉ ኢትዮጵያ ውስጥ። ነገር ግን ዕድሉን መርዳት ይቻላል። ቀበሮው በቤተሰብ ይኑር እንጂ የሚያድነው ለብቻው፣ በቀን ብርሃን፣ አይጥና ፍልፈል ነው። ስለዚህ የአይጥ ጉድጓድ የበዛበትን ሣር ፈልጉ፣ ነፋስ ወደ ፊታችሁ እንዲመጣ ሆናችሁ ተቀመጡ፣ መነጽሩን ይዛችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ከተራመዳችሁ አይጦቹ ጉድጓድ ይገባሉ፤ አይጥ ከሌለ ቀበሮ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ብቅ ካለም አትከተሉት። አደኑን ካቋረጣችሁበት የቀኑን ቀለብ ነው የነጠቃችሁት።

ድንጋያማ ቋጥኝ ላይ በጥፍሩ ጫፍ የቆመ፣ የሚዳቋ ዓይነት ትንሽ እንስሳ ካያችሁ ሰስ ነው። አንዱን ካያችሁ ዙሪያውን ፈልጉ፤ ጥንዶቹ ስለማይራራቁ ሁለተኛው አጠገቡ ነው።

8. ጉም ሲወርድ ቁሙ።

ይህን ለብቻው ያደረግሁት በዚያ ቦታ ከአውሬ ይልቅ የምፈራው ጉምን ስለሆነ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፊት ለፊት የነበረው ጅብራ ይጠፋል፤ ከርቀት ሜዳ የመሰለው አፋፍ ሊሆን ይችላል። ተሰብሰቡ፣ ቁጥራችሁን አረጋግጡ፣ ካፖርት ልበሱ፣ ቆሎ ቆርጥሙ፣ ተቀመጡ። አብዛኛውን ጊዜ ነፋስ ሲነሣ ይገለጣል። ካልተገለጠ አስጎብኚው በሚያውቀው የከብት መንገድ ብቻ፣ የፊተኛውን ሰው ጀርባ እያያችሁ ውረዱ። አቋራጭ የሚባል ነገር በጉም ውስጥ የለም።

9. ያስገባችሁትን ሁሉ አስወጡ፣ እሳት አታንድዱ።

አስታ ቅጠሉ እርጥብ መስሎ ሳለ በበጋ እንደ ገለባ ይቀጣጠላል። የምግብ ትርፍም ለጭላዳም ለቁራም አትስጡ፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ በኋላ የገበሬውን ማሳና የተጓዡን ቦርሳ ይዘርፋል፣ ቅጣቱን የሚቀበለውም እሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ

ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ከመንገድ የተከተላችሁንም መልሱ። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ተሻግሮ በአጭር ጊዜ ብዙ ቀበሮ ሊፈጅ ይችላል። እናንተን የእረኛ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ጉብኝቱ በዚያ አበቃ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መጠበቅ በዚህ በሽታ አይሠራም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም።

የረጠበ ሰው መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ምላሱ ከተሳሰረና እግሩ ከተንገዳገደ ብርዱ ወደ ውስጥ ገብቷል። እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቁን አልብሱት፣ ከነፋስ ከልሉት፣ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ነገር አጠጡት። አረቄ አትስጡት። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉ ደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ሰውዬው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ ሙቀቱ እየወጣ ነው።

ራስ ምታቱ በእረፍትና በውሃ ካልተሻለ፣ ማስመለስ ከተጨመረበት ወይም ሰውዬው ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው፣ ዝቅ ወዳለ ቦታ ውረዱ። ሌላ መድኃኒት እየፈለጋችሁ አትቆዩ።

ነብርና ጅብ አሉ። ነብር ተሰብስቦ የሚሄድ ሰው አይቀርብም፤ ስለዚህ ከጨለማ በፊት መውጣትና ለብቻ አለመነጠል ይበቃል። ሳማ ደግሞ የበለጠ ያገኛችኋል። እጃችሁን ሳታዩ ወደ ቁጥቋጦ አትስደዱ፣ እጅጌና ሱሪ ረጅም ይሁን። ሲለበልበኝ አስጎብኚዬ ቱልት የሚባለውን ቅጠል ቀጥፎ አሸልኝ፤ ተሻለኝ፣ ወይም እንደተሻለኝ መሰለኝ።

ሰዎች ሲሳሳቱ የማየው

ትልቁ ስህተት ሁለቱንም በአንድ ቀን ለማየት መሞከር ነው። ጠዋት አንድ ብቻ ነው፤ ደኑን ስታዩበት ደጋው ያልፋችኋል። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ አንዱን ምረጡ፤ ልጆችና አረጋውያን ያሉበት ቤተሰብ ደኑን ቢመርጥ ይሻላል።

ደማቅ ቀይ ወይም ነጭ ልብስ መልበስ። በአረንጓዴው ውስጥ ከሩቅ ይታያል። ቡናማና ጥቁር አረንጓዴ ይመረጣል። ሽቶም እንዲሁ ይቅር፤ ድኩላ ከማየቱ በፊት ያሸታል።

ሳይጠይቁ ሰው ፎቶ ማንሣት። ልብስ የምታጥብን እናት «እማማ፣ ይፈቅዱልኛል?» ማለት ሁለት ሴኮንድ ይፈጃል። አልፈቅድም ካሉ ስልኩን ኪስ መክተት ነው።

በመመለሻው ቀን ጠዋት ወደ ጫካ ልግባ ማለት። የደሴ መኪና የሚሞላው በማለዳ ነው፤ ከጫካ ሮጣችሁ ስትደርሱ ወጥቷል። ስለዚህ ከሁለተኛው የጉብኝት ቀን በኋላ ሦስተኛውን ሌሊት መካነ ሰላም እደሩ፤ ሲመሽ ወንበር ያዙ፣ እርጥቡን ጫማ ጋዜጣ ጠቅጥቁበትና ከእሳት ራቅ አድርጋችሁ አሳድሩት። እሳት አጠገብ ካደረ ሶሉ ይላቀቃል፣ ደሴም የምትገቡት በሸበጥ ነው።